የአስራ ዘጠነኛው መስመር ባል

አውቶቡሱ ጎማ ሊቀይር ገበያው መሀል ቆመ። ሹፌሩ "ሃያ ደቂቃ" ብሎን ሲያበቃ ሻይ ቤት ገብቶ እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ ሳይ፣ የሱ ደቂቃ ከኛ ደቂቃ እንደሚረዝም ገባኝና ወረድኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጥላ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የወታደሩ ሐውልት ሥር። ወታደሩ ነሐስ ነው። ጠመንጃውን አንግቶ፣ አንድ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ ከገበያው ቆርቆሮ ባሻገር የቀጠረው ሰው የዘገየበት ይመስላል። ከሥሩ ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ በጦርነቱ ያለቁት የከተማው ልጆች ስም ተቀርጿል፤ አርባ አንድ ናቸው። ሥራ የፈታ ሰው ያገኘውን ያነባል፤ እኔም ከላይ ጀምሬ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነብ ጀመር። አስራ ዘጠነኛው ላይ ደርሼ ስሙን ከነአባቱ ስጠራ፣

"አቤት" አለ አንድ ድምፅ ከጎኔ።

ዘወር ብል፣ ጥላው ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው መሀል የተፈታ ሚዛን ይዘዋል፤ የመነጽራቸው አንድ ጆሮ በክር ታስሯል። ሞክሼ መስለውኝ ብጠይቃቸው "የለም፣ ራሴ ነኝ" አሉና መሞረዳቸውን ቀጠሉ። አጠገባችን ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ እኚህ ሰው የገበያው ሚዛን ጠጋኝ እንደሆኑ፣ ገበያው ሁሉ "ሟቹ" እያለ እንደሚጠራቸው፣ ወሬያቸው ደግሞ ከጎማው ቀድሞ እንደማያልቅ ነገረችኝ። እንዳለችውም ሆነ። ጎማው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ነገሩ የወጣትነታቸው ስለሆነ አንቱታውን ለመጨረሻው ላቆየውና ልቀጥል።

ሟቹ የዘመተው በሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ካገባ ገና ዓመት ከመንፈቁ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ያስቀመጠችበት መስኮት በቀጥታ ወደ ገበያው ያያል። ያኔ ሐውልት የሚባል ነገር የለም፤ ቦታው ጋሪዎች የሚቆሙበት ባዶ ሜዳ ነበር። ከከተማው አርባ አንድ ሆነው ሄዱ። ስለ ውጊያው ብዙ አያወራም፤ ሲጠይቁት "ሮጥን፣ ከዚያ እኔ ተያዝኩ" ይላል፤ በቃ። እሱ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር በምርኮ ሲቆይ፣ የተቀሩት ሁሉ አልቀው ስለነበር፣ የጦሩ ጸሐፊ እሱንም ከነሱ ጋር ደምሮ ዝርዝሩን ላከ። ከተማውም አለቀሰ፣ አዋጣ፣ ሐውልት አቆመ።

ሲለቀቅ በጭነት መኪና መጥቶ ገበያው ላይ ወረደ። ሐውልቱን አየና ከተማችን ሠልጥኗል አለ በልቡ። ቀረብ ብሎ የጓደኞቹን ስም አንድ በአንድ አነበበ፤ እያነበበ አለቀሰ። አስራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ እንባው ቆመ። የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱም ስም። ደግሞ አነበበው። ያኔ መጀመሪያ ያወቀችው የዛሬዋ ቲማቲም ሻጭ እናት ናት። አልጮኸችም፣ አልደነገጠችም። ትኩር ብላ አየችውና "አንተ፣ ሚዛኔን ይዘህብኝ አይደለም እንዴ የጠፋኸው?" አለችው። እውነቷን ነው፤ ለጥገና የተቀበላትን ሚዛን ሳይመልስ ነበር የዘመተው።

ሚስቱማ ሦስት ቀን ሙሉ እጅጌውን አልለቀቀችም። ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ አብራው ትነሳለች፤ ሲያስነጥስ "ይማርህ" ማለቱን ትታ ታለቅሳለች። በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጧት፣ ቀድማው ተነስታ ጨርቅ ነክራ ጨመቀችና ወደ በሩ ሄደች።

"ወዴት ነው?" አላት።

"ስምህን ላጸዳ።"

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሄዳ ግን አጸዳች። በመጪውም ቅዳሜ፣ ከዚያም በኋላ ባለው ቅዳሜ። የገበያ አቧራ እንደሚታወቀው ነው፤ ፊደሉ ውስጥ ገብቶ ይጋገራል። እሷ በጨርቁ ጫፍ፣ ጨርቁ እምቢ ሲል በጥፍሯ፣ እያንዳንዷን ፊደል ጠርጋ አውጥታ ነው የምትመለሰው። በሁለተኛው ዓመት ሟቹ መሳቁን ተወ።

ሚዛን ባንድ ቀን አይበላሽም ይላል፤ አንደኛው ሰሃን ሥር እድፍ ይጠራቀምና ባለቤቱ ሳያውቅ ያዘነብላል። እሱም እንዲያ ነው የሆነው። አንድ ቀን ጓዳ ሆኖ ሞረዱን ሲፈልግ፣ ሚስቱ ልትሞሸር ላለች ልጅ ልብስ እየለካች ስታወራ ሰማ። ልጅቱ እጮኛዋ ቃል የማይወጣው ዝምተኛ ነው ብላ ስታማው፣ ሚስቱ "የኔማ ሲዘምት እዚህ በር ላይ ቆሞ 'ባልመለስ እንኳ ዓይኔ ካንቺ አይነሳም' አለኝ" አለቻት። ልጅቱ በረጅሙ ተነፈሰች። ሟቹ ጓዳ ውስጥ እንደቆመ ቀረ። እሱ በዚያ በር ላይ ያለውን አሳምሮ ያስታውሳል። "የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የት ነው ያደረግሽው?" ነበር ያለው። ካልሲው ተቆልፎበት።

ከዚያ በኋላ ጆሮውን አቆመ። በሰማ ቁጥር ያ በድንጋዩ ላይ ያለው ሰውዬ ያድጋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። አዲስ ቀሚስ ስትለብስ ሳትነግረው ያያል። ሲሞርድ ያንጎራጉራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ሟቹ አኩርፎ በዋለ ቀን ሚስቱ "ድሮ እንዲህ ቀናተኛ አልነበርክም" ትለዋለች። ሰው ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል፤ እሱ ግን ሞቶ ተመስግኖ፣ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ ከተመሰገነው ጋር ባንድ ጣሪያ ሥር መኖር ነው የገጠመው።

የተጣሉ ቀን ሚስቱ እናቷ ቤት አትሄድም። የእጅ ስፌቷን ይዛ አደባባዩን ትሻገርና ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ፣ በአስራ ዘጠነኛው መስመር ትክክል ትቀመጣለች። ገበያው እያየ። ሥጋ ሻጩ ይኼን ሲያይ ቢላውን አስቀምጦ "ወንድሜ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አንገቱን አንቀህ ታስጠነቅቀው ነበር፤ ይኼን ግን ምኑን ታንቀዋለህ?" ይለዋል። ሌላው ደግሞ "ተወው እባክህ፣ ቢያንስ የሚበላው የለ፣ የሚጠጣው የለ" ብሎ ይጨምርበታል። ሟቹ አብሯቸው ይስቃል። ዓይኑ ግን ከድንጋዩ አይነሳም።

በስምንተኛው ዓመት ሚስቱ ሸሚዝ ሰፋችለት። ድንገት ልታስደስተው ፈልጋ፣ ሳትለካው ነው የቆረጠችው። ለበሰው። አንገቱ ልክ ነው፤ ትከሻው ግን በሁለቱም በኩል አራት ጣት ወርዷል። ምርኮ ቤት የበላውን ትከሻ እሷ ስትቆርጥ አላሰበችውም።

"ለማን ለክተሽው ነው?" አላት።

"ላንተ ነዋ።"

"እኔን መች ለካሽኝ?"

መልሷን አልጠበቀም። ሸሚዙን እንደለበሰ፣ እጅጌው መዳፉን እየሸፈነው፣ በቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ሄደና ስሜን ከሐውልቱ አውርዱልኝ አለ።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ደግ ሰው ነው፤ መሳቢያውን ሁሉ ፈተሸለት። ስም ለማስገባት የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ለማስወጣት ግን እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም። በመጨረሻ ስሞቹን ወደ ቀረጸው ድንጋይ ጠራቢ ላከው። ጠራቢው አብሮት መጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ አስራ ዘጠነኛውን መስመር በአውራ ጣቱ ዳበሰና ራሱን ነቀነቀ። ድንጋይ ላይ የተጻፈ ስም ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ ደግሞ አይፋቅም። በሲሚንቶ ይደፈን ቢባል፣ አንድ ክረምት ሲያልፍበት ከሌሎቹ ነጥቶ ይወጣና አላፊ አግዳሚው መጀመሪያ የሚያየው እሱኑ ይሆናል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ የድንጋዩን ፊት በሙሉ አንድ ጣት ያህል ሞርዶ ማውረድ፣ አርባ አንዱንም ማጥፋት፣ ከዚያ አርባውን እንደ አዲስ መቅረጽ። ጸሐፊው ይኼን ሲሰማ፣ እንግዲያው አርባው ቤተሰብ ፈቅዶ ይፈርም አለ። አንድም ሳይቀር።

ሌላ ሰው እዚህ ላይ ይተወው ነበር። ቅናት ግን ጉልበት ይሰጣል። ሟቹ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከቶ ቤት ለቤት ጀመረ።

እነዚህን ቤቶች ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሸሻቸው ነው የኖረው። ቂም ኖሯቸው አይደለም፤ መንገድ ላይ ሲያዩት ዓይናቸው የሚለውን ያውቃል። ከአርባ አንድ አንተ ብቻ፣ ለምን? ሚስቱንም ገበያ ላይ ሲያዩዋት እንደዚያው ነው፤ ሁለት ኪሎ ድንች ተሸክማ ባሏ ሲቀበላት የሚያዩበት ዓይን አለ። እሱ በድንጋዩ ሲቀና፣ ከተማው በሱ ይቀና ነበር።

መጀመሪያ የገባው ልጁ የሞተበት ባለጋራዥ ዘንድ ነው። ሰውዬው እጁን በጨርቅ እየጠረገ እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ "አብረኸው ነበርክ አይደል? መጨረሻ ላይ ምን አለ?" አለው። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። ልጁ መጨረሻ ላይ ያለውን ሟቹ ያስታውሳል። "ይኼ ጫማ ጠበበኝ" ነበር ያለው። የሰውዬውን ፊት አየ።

"'አባቴን አደራ፣ በርታ በሉልኝ' አለ" አለው።

ሰውዬው ዞሮ የተሰቀሉትን መፍቻዎች ሲያይ ቆየ። ሲመለስ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ በየቤቱ ያው ጥያቄ ነው የሚጠብቀው። ቡና ሳይቀርብ፣ ወንበር ሳይሳብ፣ "ምን አለ?" እሱም ይነግራል። እናቴን አደራ። እኅቶቼን አደራ። ስለ ቤታችን ሲያወራ ነበር። አሥረኛው ቤት ሲደርስ አንደበቱ ተፈትቶ፣ ድምፁን የት ላይ ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የት ላይ ትንሽ ዝም እንደሚል ያውቃል። ያለቀሱትን አጽናና፤ ፊርማውን ተቀበለ። ሚስቱ ስለዚያ በር ያደረገችውን እሱ በሠላሳ ዘጠኝ በር እያደረገው መሆኑን ያን ጊዜ አላሰበውም። የቀና ሰው የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው።

የቀረችው አንዲት ናት። የሃያኛው ስም እናት፣ ዳቦ ቤት ያላቸው አሮጊት። ሲገባ ዱቄት እየነፉ ነበር። ቀና ሳይሉ "ና፣ ግባ፤ ሠላሳ ዘጠኙ ፈርመውልሃል አሉ" አሉት።

"አዎ እማማ። የርስዎ ብቻ ነው የቀረው።"

ወንፊቱን አስቀመጡ። "ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እነዚህ ልጆች ሲሞቱ ተለማምደው ነው እንዴ የሞቱት? ሁሉም 'አደራ' ብለው ሞቱ ይባላል። የጋራዡ ልጅ እንኳ፤ ያ ከአባቱ ጋር ሳይነጋገር የሄደው።"

ሟቹ ወለሉን አየ። የሚያየው ዱቄት ብቻ ነው።

"የኔስ ምን አለ? እኔ እንኳን ዱቄት፣ ነገርም መንፋት አውቃለሁ። እውነቱን ንገረኝ።"

"'ማንኪያዬን ማነው የወሰደው?' ነው ያለው" አለ ሟቹ። "ከዚያ በኋላ አልተናገረም።"

ሴትዮዋ ፊታቸውን አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየና ደንግጦ ሊይዛቸው ተነሳ፤ ለካ እየሳቁ ነው። "እሱ ነው" አሉ። "የኔ ልጅ እሱ ነው። ማንኪያውን ለታናሽ ወንድሙ እንኳ አያውስም ነበር።" እስኪደክማቸው ሳቁ፤ በዱቄት እጃቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ፊታቸው ነጭ ሆነ። ከዚያ ወረቀቱን አንስተው፣ አጥፈው፣ ሳይፈርሙ ደረት ኪሱ መልሰው ከተቱለት።

"አልፈርምልህም። ይኼ ልጅ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ብቻውን ተኝቶ አያውቅም። እዚያ ድንጋይ ላይ ከራስጌው ያለኸው አንተ ነህ።"

"እማማ፣ እኔ እኮ በሕይወት አለሁ።"

"እሱን ነው የምልህ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ወርዶ ዛሬ ደጄን የረገጠ አንተ ብቻ ነህ። ልጄን ጥለኸው አትሂድ።"

ሁለት ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት። ተቀብሎ ወጣ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ የስፌት መኪናው ላይ ነበረች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረውና "ያኔ በሩ ላይ ቆሜ ምን አልኩሽ?" አላት።

መርገጫውን ሳታቆም "'የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የት ነው ያደረግሽው' አልከኝ። ነገርኩህ። ካልሲህን አወጣህና ሄድክ" አለችው።

ይኼን አልጠበቀም። እሷ ረስታው፣ ወይም ሐዘኑ አደባልቆባት ነበር የሚመስለው። "ታዲያ ያ ሌላው ነገር?"

የመኪናውን ጎማ በመዳፏ ያዘችው። "ያንን ያለኝ እሱ ነው።"

"መቼ?"

"አንተ ሳትኖር። ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር አብሮኝ የኖረው እሱ ነው። ይኼን መኪና ስረግጥ የሚያወራኝ እሱ ነው። ሰው አንጀቴን ሲያሳርረኝ የሚያባብለኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ክፉ አልተናገረኝም። አሁን አንተ መጣህ ብዬ በየት በኩል ላስወጣው?"

 ያን ቀን ለሟቹ የመጣለት ነገር ቢኖር "ሸሚዙ ትከሻው ሰፍቷል" ማለት ብቻ ነው። እሷም ተነስታ፣ መርፌዎቿን በከንፈሯ ይዛ፣ በቁሙ ለካችው። 

ወረቀቱን አላስገባውም። ቅናቱ ግን ወረቀት አይደለም፣ አይታጠፍም። በማግስቱ በርጩማውንና የሥራ ሣጥኑን አንስቶ ከገበያው በር ወደ ሐውልቱ ሥር ተዛወረ፤ ከሩቅ ሆኖ ከመንገብገብ ከቅርብ ሆኖ መጠበቅ ይሻላል ብሎ። ቅዳሜ ቅዳሜም ከሚስቱ ቀድሞ ይነሳና እሱ ራሱ ድንጋዩን ያጸዳል። አርባውን ስም አንድ በአንድ ይጠርጋል፤ ሃያኛው ላይ ሲደርስ "ማንኪያህ ተገኘ?" ይለዋል። አስራ ዘጠነኛውን ግን ከነአቧራው ይዘለዋል። ለተቀናቃኜ ፊት አላጥብለትም ይላል። ትንሽ ቆይታ ሚስቱ እርጥብ ጨርቋን ይዛ ትመጣለች፤ የቀረችውን አንዲት መስመር አጽድታ ትመለሳለች። ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። እንዲህ ሆኖ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

ወሬው እዚህ ሲደርስ ከመስኮቱ በኩል አንዲት አሮጊት አደባባዩን ተሻግረው መጡ። አጠር ያሉ፣ አንገታቸው ላይ የስፌት ሜትር እንዳንጠለጠሉ። የቋጠሩትን ምሳ ሽማግሌው አጠገብ አኖሩ፤ መነጽራቸውን ከፊታቸው አንስተው በቀሚሳቸው ጠርገው መለሱላቸው፤ "ሳይቀዘቅዝ ብላ" አሏቸው። ከዚያ ሲያልፉ፣ ቆም ሳይሉ፣ የሰው ኮሌታ እንደሚያቃኑ ሁሉ ጣታቸውን አስራ ዘጠነኛው መስመር ላይ አሳልፈው ሄዱ።

ሽማግሌው ሚዛኑን እያዩ ነበር። ያንን ግን አዩ። ሞረዱ ቆሟል፤ የጆሯቸው ጫፍ ቀላ።

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። ልሰናበታቸው እጄን ስዘረጋ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ኖረው ቅናቱ አልወጣልዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እጄን እንደያዙ ሚስታቸው ወደ ሄዱበት አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያንገበግበኝ" አሉ። "እኔ የሞትኩ ቀን ማልቀሷ አይቀርም። ለማንኛችን እንደምታለቅስ ግን ማን ይነግረኛል?"